ደገኛዋን ሞተር ቆላ ማውረድ

ኅዳር 14፣ 2018 ዓ.ም.፣ እሁድ

ዛሬ ተጀመረ። አዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ እትዬ ያከራዩኝ ግቢ ውስጥ ፍሪጅ የምጠግንበት የቆርቆሮ ቤት አለኝ። ባለቤቶቻቸው የጠፉ ሁለት ፍሪጆች ወደ ጥግ ገፋሁና ሞተሯን አስገባኋት። መብራት አለ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የወደቀ ብሎን አይጠፋም። ከዚህ የተሻለ ጋራዥ አያሻኝም።

ሞተሯ ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ናት። እኔ አራተኛ ባለቤቷ ነኝ። ከእኔ በፊት ገጠር ውስጥ ጤና ጣቢያ ስታገለግል ነበር ብለውኛል። በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚያደባልቀው)፣ የፊት ጎማዋ 21፣ የኋላዋ 18። የእኔ ከሆነች አምስት ዓመቷ ነው። በእነዚህ አምስት ዓመታት ከቢሾፍቱ በታች ወርዳ አታውቅም።

እቅዱ ይኼ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ እኔና የባለቤቴ ወንድም በሁለት ሞተር ወደ አፋር እንወርዳለን። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ። ከዚያ በሰርዶ በኩል አፍዴራ፣ ጨው የሚመረትበት ሐይቅ ድረስ። የእሱ ሞተር ቦክሰር 150 ናት። ሰው ሲሰማ ይስቃል። «በዚች ነው በረሃ የምትሄዱት?» እኔ ደግሞ በዚች ነው እላለሁ። አሸዋ ላይ ብትወድቅ ብቻዬን አነሳታለሁ። ትልልቆቹን ሞተሮች ለማንሳት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ በረሃ ውስጥ ሦስት ሰው ከየት ይመጣል?

ማታ ዜና አየሁ። አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባል እሳተ ገሞራ ዛሬ ጠዋት ፈንድቷል። ኤርታ አሌን አውቃለሁ፤ ይኼኛውን ስሙንም ሰምቼ አላውቅም። አፍዴራ አመድ ወርዶባታል። አማቼ ወዲያው ደወለ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ፈጣሪ ራሱ አትምጡ እያለ ነው።»

«አፍዴራ አትምጡ ነው ያለው። ሰመራ አላለም።»

ኅዳር 16

አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንን አልፎ ህንድ ሰማይ ላይ ደርሷል። የተሰረዙ በረራዎች አሉ። እቅዳችንን አሳጠርን፤ ሰመራ ላይ እንመለሳለን። አፍዴራ ሰው በራሱ ጭንቀት ላይ እያለ ለሽርሽር መሄዱም ደስ አይልም።

ግን አመድ አመድ ሲሉኝ ሐሳቤ ወደ ፊልትሮ፣ ወደ ሞተሯ አየር ማጣሪያ፣ ሄደ። የእሳተ ገሞራ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የተፈጨ መስታወት ማለት ነው። ሲሊንደር ውስጥ ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የበረሃ አቧራም ያው ነው። ፊልትሮዋን አወጣሁ፤ ስፖንጅ ናት። በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ነክሬ ጨመቅኋት። ዘይቱ ነው አቧራውን የሚይዘው፤ ደረቅ ስፖንጅ ወንፊት ነው። በላይዋ ሌላ ልብስ ላለብሳት ፈለግሁና ባለቤቴን አሮጌ ስቶኪንግ ጠየቅኋት። ለምን እንደሆነ ሳልነግራት ጠየቅኋት። ስህተት ነበር። ማብራሪያው ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

እጄን ካነሳሁ አይቀር ብዬ የነዳጅ ታንከሩን ክዳንም ዙሪያውን በሲሊኮን ለጠፍኩት። አሁን ክፍተት የለም። አቧራ ይሞክር።

ኅዳር 21፣ እሁድ

ገላን ጋሼ ዘንድ ወሰድኳት። ጋሼ መካኒክ ናቸው። መሣሪያውንም የሞተሩንም ዕቃ የሚጠሩት በጣሊያንኛ ነው፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ማርሚታ (ጭስ ማውጫው)። የቫልቩን ክፍተት ለኩ፣ ካቴናውን (ሰንሰለቱን) አዩ፣ ፍሪሲዮኑን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉ። ምንም አላሉም። ካርቡሬተሩን ሲፈቱ ነው ያወሩት።

ከሥሩ አንዲት የነሐስ ብሎን አወጡ። መሐሏ ቀዳዳ አለ፤ መርፌ እንኳ በግድ ነው የሚያልፈው። ነዳጁ የሚመጠጥባት ጄት የሚሏት ይህች ናት። ጎኗ ላይ የቀዳዳዋ ቁጥር ተጽፏል፤ 95።

«ይቺ ልጅ ደገኛ ናት» አሉ። «ጄቷን አሳንሰውላታል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅም ቀንሰው ነው የሚያበሏት። ልክ ነው ሥራው። ቆላ ስትወርድ ግን ትራባለች።»

እኔ ደግሞ አልሰማም አልኩ። ፍሪጅ ሠሪ ነኝ፤ ሙቅ አየር ስስ እንደሆነ አውቃለሁ። በረሃው ሞቃት ነው፤ ስለዚህ አየሩ እዚያም ስስ ነው፤ ስለዚህ ይቻቻላል። ይህንን በደንብ አስረዳኋቸው። ጋሼ ብሎኗን መልሰው አጠበቁ።

«እሺ። መጀመሪያ መተሐራ ድረስ ውረድና ተመለስ። ካንዴላዋ ትንገርህ።» ካንዴላ እሳት የምታጭረዋ ናት።

ኅዳር 28፣ እሁድ

ዕቃ መጫኛ አስበየድኩ። ሐሳቤ ሁለት ባለ 10 ሊትር የነዳጅ ጀሪካን በግራና በቀኝ፣ 15 ሊትር ውሃ ከኋላ፣ ድንኳን፣ ፍራሽ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ ምጣድ ሁሉ ነበር። በያጁ ወፍራም አንጎላሬ ተጠቀመ። ጠንካራ ነው። ብረቱ ብቻውን 14 ኪሎ ሆነ። ጭኜ ስቀመጥባት የፊት ጎማዋ ከመሬት ሊነሳ ምንም አልቀረውም።

ጎረቤታችን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከባድ መኪና ሲነዳ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዕረፍት ላይ ነበርና በአጥሩ ላይ አየኝ።

«ምንድን ነው ይሄ? ቤት ልትቀይር ነው?»

«በረሃ ነዋ። ውሃ፣ ነዳጅ…»

«ና ወዲህ» አለኝ። ቡና አስፈላና መንገዱን አንድ በአንድ ነገረኝ። አዋሽ ነዳጅ አለ። ገዋኔ ሰው አለ፣ ሻይ አለ። ሚሌ አለ። ሎጊያ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያድር የሹፌር ከተማ ነው። «ይኼ እኮ የአገሪቱ ጉሮሮ ነው። ወደብ የሚወርደውና የሚወጣው ዕቃ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሚያልፈው። ብትቆም አስር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ያገኝሃል። አንተን የሚገድልህ የውሃ እጥረት አይደለም፤ ግመል ነው።»

ግመሉን ደጋግሞ ነገረኝ። ሲመሽ አስፋልቱ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከብቱም ግመሉም እሱ ላይ ይተኛል። ግመል ደግሞ እግሩ ረጅም ነው። የሞተር መብራት የሚያበራው እግሩን ነው፤ ገላው ከላይ ጨለማ ውስጥ ነው። «ሌሊት እንዳትነዳ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳና ቡናህን ጠጣ፤ ጎህ ሲቀድ ንዳ። 5 ሰዓት ላይ ጥላ ፈልገህ ተኛ። 10 ሰዓት ላይ ትንሽ ትጨምራለህ። በቃ።»

ወደ ግቢ ተመለስኩና ሒሳብ ሠራሁ። ሞተሯ በሊትር 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድልኛለች። ታንከሯ 10 ሊትር ይይዛል ብንል 320። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለው ረጅሙ መንገድ እንኳ ከዚያ ያንሳል። ሃያ ሊትር ነዳጅ የምሸከመው ለማን ነው? አንድ ባለ 5 ሊትር ለክፉ ቀን ይበቃል።

በያጁን ነገ እጠራዋለሁ። የበየደውን ሊፈታ። ይናደዳል።

ታኅሣሥ 5፣ እሁድ

በያጁ ተናደደ። ግን በቀጭን ቱቦ ብረት ሌላ ሠራልኝ፤ 5 ኪሎ።

መርካቶ ሄድኩ፣ በታክሲ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተሮችን ከገደበች ወዲህ የሞተር ዕቃ ለመግዛት ሞተርን ቤት ትቶ መሄድ ልማድ ሆኗል። ሶማሌ ተራ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ሁለት፣ ካንዴላ ሁለት፣ የፍሪሲዮን ገመድ አንድ ገዛሁ። ምናለሽ ተራ ገብቼ ደግሞ የወታደር የሚመስል የብረት ሳጥን ገዛሁ፤ ለመሣሪያ። ምናለሽ ተራ ገብቶ የሄደበትን ብቻ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ካለ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ካላማዳሪውን ድርብ የገዛሁት በእሾህ ምክንያት ነው። አሚባራና ገዋኔ አካባቢ ፕሮሶፒስ የሚሉት ዛፍ ሞልቷል። ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ተተክሎ ግጦሹን ሁሉ ወረሰው። እሾሁ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ የሞተር ጎማ ይበሳል። ጥላ ባየህ ቁጥር ከሥሩ ገብተህ ሞተር አታቁም የሚለው ምክር ከዚህ የመጣ ነው። ጥላው የእሱ ከሆነ መሬቱ መርፌ ነው።

ጎማ መፍታትን ግቢ ውስጥ ተለማመድኩ። የመጀመሪያው 50 ደቂቃ ፈጀ፤ ሲጠናቀቅም አዲሱን ካላማዳሪ በራሴ ብረት በስቼው አገኘሁት። ሁለተኛው 35 ደቂቃ። አራተኛው 18። የሰፈር ልጆች ዙሪያዬን ቆመው ሰዓት ይይዙልኛል። ጎሚስታ ልትሆን ነው ወይ አለኝ አንዱ።

ታኅሣሥ 12፣ እሁድ፦ የሙከራ ጉዞ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጣሁ፣ ብቻዬን፣ ግማሽ ጭነት ይዤ። የፍሪጅ ቴርሞሜትሬ 8 ዲግሪ ይላል። ጣቶቼ ደነዘዙ። በረሃ የሚሄድ ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ማየት አስቂኝ ነው።

በአሮጌው መንገድ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። አዳማ ፉል በላሁ፤ ጾም ነው። እስከዚያ ምንም ችግር የለም። ወለንጪቲን አልፌ ቁልቁል ስወርድ ሙቀቱ መጣ፤ ልብሴን አስወለቀኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሞተሯ መሳል ጀመረች። እህ፣ እህ አለች። ጋዝ ስሰጣት ትሰንፋለች። ቀጥ ብላ ቆመች።

ሜዳ ላይ ነኝ። ከፊቴ ፈንታሌ ተራራ ይታያል። በ2017 ታኅሣሥና ጥር መሬት ስትንቀጠቀጥ የከረመችበት አካባቢ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ እንኳ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሌሊት ሲሮጥ ነበር። ቦታው ለመቆም ደስ አይልም።

ካንዴላ አየሁ፤ ብልጭ ይላል። ነዳጅ አለ? ታንከሩን ወዘወዝኩ፤ ይንቦጫረቃል። ውሃ ልጠጣ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጠዋት ግማሹን ጠጥቼ የከደንኩት የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑ ገብቶ፣ ሰው የረገጠው መስሎ ተጨማዷል። ክዳኑን ስፈታው ጢስ ብሎ አየር ሳበና ሆዱ ተነፋ።

ያኔ ነው የገባኝ። እየሳቅሁም እየተናደድሁም የነዳጅ ክዳኑን ለማላቀቅ ታገልኩ። በሲሊኮን ያሸግኩትን። ሲከፈት ስስስስስ ብሎ አየር ጠጣ፤ ረጅም ትንፋሽ። ታንከር እስትንፋስ ያስፈልገዋል። ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች፤ ነዳጅ ሲወርድ በምትኩ አየር የሚገባባት። እኔ አቧራ ፈርቼ ደፈንኳት። በዚያ ላይ ቁልቁል በወረድኩ ቁጥር የውጪው አየር እየከበደ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው የደጋ አየር ግን እንደ ሳሳ ነው። ነዳጁ ወደ ታች መውረድ እምቢ አለ።

ሲሊኮኑን በቢላ ፍቄ አነሳሁ። በአንድ ምት ተነሳች።

መተሐራ ደረስኩ። በሰቃ ሐይቅ ዳር ቁሜ ቴርሞሜትሩን አየሁ፤ 31። ግን አንድ ነገር ደስ አላለኝም። ሜዳው ላይ በ80 ስነዳ ማርሚታው ይተኩሳል፣ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ ኢንጂኑም የሚሸተው ብረት ብረት ነው። ሻይ ቤት ደጅ አቆምኳትና ካንዴላዋን ፈታሁ። ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ምን ትመስላለች?»

«ነጭ።»

«ነጭ ነጭ?»

«እንደ ኖራ።»

ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከስድብ ይከፋል። «ቀስ ብለህ ተመለስ። ከ60 እንዳታልፍ።»

ታኅሣሥ 13

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሳሁና እስክሪብቶ ያዝኩ። ሙቅ አየር ስስ ነው ያልኩት ውሸት አይደለም። የተሳሳትኩት ምን ያህል በሚለው ላይ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በ22 ከመቶ ያህል ያንሳል። ሰመራ 430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የሚጎድለው 5 ከመቶ ብቻ ነው። ከእኔ ግቢ ሰመራ ስወርድ ግፊቱ አየሩን 22 ከመቶ ያህል ያወፍረዋል። ሙቀቱስ? ከ18 ዲግሪ ወደ 35 ብንል የሚያሳሳው 5 ወይም 6 ከመቶ ነው። አይቻቻልም። በረሃው የሚፋጅ ቢሆንም አየሩ ከእኛ አየር በ15 ከመቶ ይወፍራል።

ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ በወፈረ ልክ ነዳጅ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ግማሹን ያህል ነው። ስለዚህ ሞተሯ ወደ 7 ከመቶ ነዳጅ ይጎድላታል። በነዳጅ የራበ ኢንጂን ይግላል። በአየር የሚቀዘቅዝ ኢንጂን በ40 ዲግሪ አየር ሲግል ደግሞ ፒስተኑን ሊበላ ይችላል። ነጯ ካንዴላ እሱን ነበር የምትነግረኝ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸው። «እኔ በአንድ ቃል ነግሬህ ነበር» አሉ። «ደገኛ ናት አልኩህ።»

ታኅሣሥ 19፣ እሁድ

ስሌቴ የጄቷ ቁጥር 102 ይሁን ነው ያለኝ። መርካቶ የተገኘው 100 እና 105 ነው። ጋሼ 105 አነሱ። «ትንሽ ብትጠግብ ጥቁር ጭስ ታወጣለች እንጂ አትሞትም። ብትራብ ትቃጠላለች።» እዚህ ግን በ105 አትነዳም፤ ታፍናለች፣ ዳገት አትወጣም። ስለዚህ 95ቱን እዚህ፣ 105ቱን አዋሽ ላይ። መቀየሩ ካቻቪቴ፣ አንድ ቁልፍና ነዳጁን የሚቀበል ጣሳ ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ደጋግሜ ተለማመድኩ፤ 12 ደቂቃ። አዲሷን ጄት በክብሪት ቤት ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

የአማቼ ቦክሰርም ጄቷን አየናት። እሷን ማንም ነክቷት አያውቅም፣ ፋብሪካ የሰጣት ነው። ለዚህ ነው እዚህ ዳገት ላይ ሁልጊዜ የምታፍነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሞተሯን ሲሰድብ የኖረው የቆላ ልጅ ስለሆነች ነው። እዚያ ወርዳ ትቀድመኛለች ብዬ ፈራሁ።

ጥር 3፣ እሁድ

ገና አለፈ። ሥጋ ስለተፈቀደ ቋንጣ ተዘጋጀ። ባለቤቴ በሶውን በስኳርና በትንሽ ጨው ደባለቀችልን፤ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። በረሃ ላይ እንጀራ ይደርቃል፣ ዳቦ ይሻግታል። በሶ ግን የአባቶቻችን የስንቅ ሳይንስ ነው፤ አያቴ እግረኛ ነበሩ፣ ያውቁ ነበር።

ልብስ ላይ ተከራከርን። አማቼ በቲሸርት ሊነዳ ነው። ነፋሱ ያቀዘቅዘኛል ይላል። እዚህ ነው የፍሪጅ ሙያዬ የጠቀመኝ። የሰው ቆዳ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ነፋሱ ከዚያ በታች ከሆነ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ያመጣል፤ ያኔ በተገላለጠ ክንድ መንዳት ፀጉር ማድረቂያ ፊት መቆም ነው። የሚያቀዘቅዘን ላብ ብቻ ነው፤ እራቁት ክንድ ላይ ደግሞ ላቡ ቶሎ ይበናል። ስለዚህ ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ፣ ጥጥ፣ ከውስጥ የረጠበ ፎጣ አንገት ላይ። አፋሮች ሽርጥ የሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አየር ይዘዋወርበታል።

ኦ አር ኤስ፣ የሰውነትን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት፣ 10 ፓኬት ከፋርማሲ ገዛሁ። ካለቀ የቤቱን መሥራት ነው፤ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

የውሃውን ጀሪካን ደግሞ በጆንያ ጠቅልዬ ሰፋሁት። ጆንያው ይረጥባል፣ ነፋሱ ያተነዋል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ዛሬ ቀትር ላይ ፀሐይ አየሩን 24 ሲያደርሰው ውስጡ 17 ነበር። ኮምፕረሰር የሌለው፣ ጋዝ የማይሞላ፣ መብራት የማይፈልግ ፍሪጅ። ለደንበኞቼ ባላሳይ ይሻለኛል።

ጥር 13

ነገ። ከተራና ጥምቀት አለፉ፤ እግሬ አሁንም በታቦት መሸኘት ዝሏል። የመጨረሻውን ሚዛን ያዝኩ። በኅዳር 28 ጭነቱ ከነብረቱ 71 ኪሎ ነበር። ዛሬ 29። ውሃ 6 ሊትር፣ ነዳጅ 5 ሊትር። የነዳጅ ጀሪካኑን እስከ አፉ አልሞላሁም፤ ቤንዚን በሙቀት ያብጣል፣ ትነቱም ይገፋል። ድንኳኑ ቀረ፤ ሎጊያ አልጋ አለ። ምጣዱም ቀረ። ምጣዱን መጀመሪያ ለምን እንዳሰብኩት አሁን ሊገባኝ አልቻለም።

የጎማዋን አየር በመለኪያው 28 ሞላሁ። ጎረቤቴ ትናንት ጅቡቲ ወርዷል። መንገድ ላይ ካገኘሁህ ጥሩምባ እነፋልሃለሁ ብሏል።

ጥር 22

ትናንት ማታ ገባን። ዛሬ ግቢ ውስጥ ነኝ፤ ሞተሯ ተፈታታ ሲሚንቶው ላይ ተሰጥታለች። ስለ መንገዱ ሌላ ቀን እጽፍ ይሆናል። እዚህ የሥራው ውጤት ብቻ ይግባ።

ካንዴላ፦ የተቆላ ቡና መልክ። ለጋሼ ፎቶ ላክሁ። «አሁን ሰው ሆነች» ብለው መለሱ።

ጄት፦ አዋሽ ላይ ቀየርኩ፤ 12 ደቂቃ ሳይሆን 40 ፈጀ። ኢንጂኑ እንደጋለ ነው፤ እጄን አቃጠልኩ። ግቢ ውስጥ ስለማመድ በቀዝቃዛ ኢንጂን ነበር። በተጨማሪም ሰባት ሰው ቆሞ ምክር ይሰጠኝ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሞተር ሆነች። ገዋኔን አልፈን ሜዳው ላይ ቀኑን ሙሉ አላማረረችም። ቦክሰሯም እንደፈራሁት ቀደመችኝ።

ጎማ፦ እዚህ 28 የሞላሁት ሰመራ ሲነጋ 26 አነበበ። አማቼ ተበሳ ብሎ ሊፈታ ነበር። አልተበሳም። ከውጪ የሚጫነው አየር ስለከበደ መለኪያው ዝቅ አለ እንጂ ውስጡ ያው ነው። ቀትር ላይ አስፋልቱ ሲግል 30 አለፈ። ለመሆኑ በረሃ ሲገባ ጎማ ማስተንፈስ አለብህ ያለኝ ሰው ጠዋት ነው ማታ አላለኝም ነበር።

እሾህ፦ ሁለት። ሁለቱም የአማቼ። ሁለቱም ጥላ ፍለጋ። ነግሬው ነበር።

ውሃ፦ በቀን ለአንድ ሰው 6 ሊትር አልበቃም፤ 8 ገደማ ጠጣን፤ ግን በየከተማው ሞላን። ጆንያው በደንብ ሠራ። ሚሌ ላይ አየሩ 34 ሆኖ ውስጡ 22 ነበር። አንድ እረኛ ጠጥቶ ክዳኑን አገላብጦ አየው፣ በረዶ የደበቅኩ መስሎት።

ዳጉ፦ ይህን ማንም በዝርዝሬ ውስጥ አላስገባልኝም ነበር። አፋር ሁለት ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ወሬ ይለዋወጣል፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ማን አለፈ፣ የት ዘነበ። ገዋኔ ሻይ ስንጠጣ አንድ ሽማግሌ መጥተው «የአንደኛው ጎማ ተበስቶ የነበረው እናንተ ናችሁ?» አሉን። የተበሳነው 40 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ነው። ኔትወርክ አልነበረም።

ፊልትሮ፦ ስቶኪንጉ ቡናማ ሆኗል፤ ስፖንጁ ንጹሕ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሌላ እንደማትሰጠኝ ነገረችኝ።

ካቴና፦ አሸዋ በልቶታል። ዘይት በቀባሁት ቁጥር አቧራው እየተጣበቀ ሊጥ ሠራ። የሚቀጥለው ጊዜ ደረቅ ጨርቅ ብቻ። መቀየር አለበት።

105ቱን ፈትቼ 95ቱን መለስኩ። ትናንት ከአዳማ ወደ ላይ ስንወጣ አፍኗት ጥቁር ጭስ ስታወጣ ነበር፤ ሞጆ ላይ ልቀይር አስቤ ድካሙ አሸነፈኝ። አሁን አስነሳኋት። ድምፅዋ ጥርት አለ። 105ቷ ወደ ክብሪት ቤቷ ገባች፤ ክብሪት ቤቷ ላይ «ቆላ» ብዬ ጻፍኩበት።

ከሰዓት በኋላ የአንደኛው ፍሪጅ ባለቤት ድንገት መጣ። ከኅዳር ጀምሮ የጠፋው። አልተሠራም እንዴ ብሎ ተቆጣ። ሞተሯን ወደ ጥግ ገፋኋት።